«ኦርጅናል» የተባለ ሸክላ ሁሉ ጥሩ ድምፅ የለውም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ 1960ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) ሙዚቃችን ብዙ ተጽፏል። ማን እንደዘፈነው፣ ማን እንዳቀናበረው፣ የትኛው ባንድ እንዳጀበው የሙዚቃ ወዳጅ ሁሉ ያውቃል። ያንኑ ሙዚቃ ዛሬ በሸክላ መስማት ለሚፈልግ ሰው ግን የትኛውን ቅጂ እንደሚገዛ የሚነግረው የለም። ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ይላል፤ ገዢው ሽፋኑንና መሃሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አይቶ ይከፍላል። ቤቱ ገብቶ ሲያጫውተው ድምፃዊው ታፍኗል፣ ሳክስፎኑ ይሻክራል። ገንዘቡን ያወጣው ለሸክላው ዕድሜ እንጂ ለድምፁ አልነበረም።

የሸክላን ድምፅ የሚወስነው ከየትኛው ቴፕ እንደተቀረጸ፣ እንዴት እንደታተመ፣ ከታተመ በኋላ ደግሞ በምን ዓይነት መርፌ ስንት ጊዜ እንደተጫወተ ነው። የመጀመሪያ ህትመት መሆኑ የሚጠቅመው ለቴፑ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ቴፑ ሳያረጅ ተቀርጿልና። ለቀሩት ዋስትና አይሆንም። ለቴፑም ቢሆን ሁልጊዜ አይሠራም። የአሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ የማይልስ ዴቪስ አልበም «ካይንድ ኦፍ ብሉ» እ.ኤ.አ. በ1959 ሲቀዳ አንዱ የመቅጃ ማሽን በዝግታ ይዞር ስለነበር፣ የመጀመሪያው ገጽ ሦስት ሙዚቃዎች ሸክላው ላይ ፈጠን ብለውና ቀጠን ብለው ወጡ። ስህተቱ የታረመው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የታተመው እጅግ ውድ ኦርጅናል ሁሉ ያንን ስህተት ይዟል።

ወደ እኛው ሸክላ ልመለስ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 በአምሃ ሪከርድስ ስም 103 ባለ 45 ሸክላዎችና (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ትንንሾች) 12 ኤልፒዎች (በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞሩ ትልልቆች) አሳትሟል። ሙዚቃው አዲስ አበባ ቢቀዳም ሸክላው የሚታተመው ውጭ አገር ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ የታተሙት ህንድ ነው። በህትመት ጊዜ ድምፁ መጀመሪያ በለስላሳ ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል፤ ከሰሌዳው የብረት ቅርጽ ይወጣል፤ ሸክላው በዚያ ቅርጽ እየተጨፈለቀ ይወጣል። ቅርጹ ጥቂት መቶ፣ ቢበዛ ከአንድ ሺህ ትንሽ ያለፈ ቅጂ ካወጣ በኋላ ይደክማል። መጀመሪያ የሚጠፋው የጸናጽልና የእስትንፋስ ድምፅ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ ወረቀታቸውም ቁጥራቸውም አንድ የሆነ ሁለት ሸክላዎች እኩል ላይሰሙ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ደግሞ የፕላስቲኩ ጥሬ ዕቃ ስለተወደደ ብዙ ፋብሪካዎች አሮጌ ሸክላ ፈጭተው ይደባልቁ ጀመር። ከዚያ ዘመን የመጣ፣ ጭረት ሳይኖረው የሚንሾካሾክ ሸክላ ካጋጠመ ቢያጥቡት ለውጥ የለውም፤ ችግሩ ጥሬ ዕቃው ውስጥ ነው። በነገራችን ላይ ዛሬ «180 ግራም» ተብሎ የሚሸጠው ክብደት ሸክላው ቶሎ እንዳይጣመም ይረዳ ይሆናል እንጂ መርፌው የሚሄድበት ቦይ ውስጥ ያለውን ድምፅ አያሻሽልም።

ሸክላ የሚገዛ ሰው ከወረቀቱ ይልቅ ዘፈኑ አልቆ መርፌው በባዶ የሚዞርበትን ቀለበት ይመልከት። እዚያ በእጅ የተጫረ ወይም በማኅተም የተመታ ቁጥር አለ። ቁጥሩ የሚነግረን ሸክላው ከየትኛው ቅርጸት፣ ማለትም በሰሌዳው ላይ ከተደረገው ከየትኛው ቀረጻ፣ እንደወጣ ነው። ሽፋኑ አንድ ሆኖ ይህ ቁጥር ከተለያየ ድምፁም ይለያያል። የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የሌድ ዘፐሊን ሁለተኛ አልበም (እ.ኤ.አ. 1969) ጥሩ ምስክር ነው፤ የድምፅ ባለሙያው ሮበርት ሉድዊግ ቀርጾት «አርኤል» (RL) የሚል ምልክት ያለበት የመጀመሪያው ቅርጸት ቤዙ ከባድ ስለነበር በርካሽ ማጫወቻዎች ላይ መርፌው እየዘለለ አስቸገረ። ኩባንያው በለዘበ ቅርጸት ተካው። ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ያንን የተተወውን ነው፤ ከኋለኛው የሚለየውም በእነዚያ ሁለት ፊደላት ነው።

ቀጥሎ ሸክላውን በአንድ ጠንካራ አምፖል ሥር አጋድሞ ማየት ነው። በጥፍር የማይያዝ ቀጭን ጭረት ብዙ ጊዜ አይሰማም። አሳሳቢው የቦዩ ግራጫነት ነው፤ ጥቁር መሆን የነበረበት ገጽ አመድማ ሆኖ ከታየ ከባድ መርፌ ጠርጎታል ማለት ነው። የድሮው ሴራሚክ መርፌ 5 ግራምና ከዚያም በላይ ይጫን ነበር፤ የዛሬው ከ1.5 እስከ 2 ግራም ነው። የመሃሉ ቀዳዳ ዙሪያ ወረቀቱ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ከበዛ ሸክላው ብዙ ጊዜ ተነሥቶ ተቀምጧል። ማጫወት ከተቻለ ደግሞ የመጀመሪያውን ዘፈን ትቶ የገጹን የመጨረሻ ዘፈን ማዳመጥ ይበልጣል። ኤልፒ ላይ መርፌው በዳር በሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ መሃል አጠገብ ሲደርስ 21 ገደማ ብቻ ነው። ያው ድምፅ ከግማሽ ባነሰ ርዝመት ላይ ስለሚታጨቅ ብልሽት ሁሉ እዚያ ይጎላል። ድምፃዊው ከፍ ሲል ወይም ትራምፔት ሲነፋ የሚሻክር ከሆነ ሸክላው ተበልቷል።

የቀዳዳው ቦታም መታየት አለበት። ሸክላው ሲዞር መርፌውን የያዘው ክንድ ወዲያና ወዲህ ከተወዛወዘ ቀዳዳው ከመሃል ርቋል። ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢርቅ በገጹ መጨረሻ የድምፁ ከፍታ በያንዳንዱ ዙር 0.8 በመቶ ያህል ይወጣና ይወርዳል። ጊታርና ከበሮ ይሸፍኑታል፤ ቫይብራፎን፣ ፒያኖና ኦርጋን ግን ያጋልጡታል። ለዚህ ነው የቫይብራፎን ተጫዋቹን የሙላቱ አስታጥቄን ሸክላ ሲገዙ ይህን ማጣራት የሚያስፈልገው። «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ ተቀድቶ በዎርዚ ሪከርድስ ወጣ። በ2017 ደግሞ ስትራት የተባለው አሳታሚ እንደገና አሳትሞታል፤ ሦስት ሸክላ ያለው እትሙ ከስቴሪዮው (ግራና ቀኙ ከተለየው) ሌላ የሞኖውን (ድምፁ ሁሉ አንድ ላይ የሆነውን) ቅጂና ከቀረጻው የተረፉትን ይዟል። እንደ እኔ አስተያየት፣ ለመስማት ለሚገዛ ሰው የተበላ ኦርጅናል ንጹሑን አዲስ ህትመት አይተካም። እዚሁ አልበም ላይ ያለውን «ኩሉን ማን ኳለሽ»ን በተበላ ሸክላ ላይ የሚሰማ ሰው የቫይብራፎኑን ምት ከነሻካራነቱ ሙላቱ እንደዚያ የመታው ሊመስለው ይችላል። ንጹሕ ኦርጅናል ካጋጠመና ዋጋው ከተቻለ መልካም ነው።

አዲስ ህትመት ሁሉ ግን ከቴፕ አልተሠራም። ማስተሩ (ዋናው ቴፕ) ሲጠፋ አሳታሚዎች ከአሮጌ ሸክላ ገልብጠው ያትማሉ። ይህ ነውር አይደለም፤ ነውሩ መደበቁ ነው። በጆሮ ይታወቃል። አዲስ ሸክላ ላይ ቋ የሚል ድምፅ ከተሰማ ቦታው በአምፖል ይታይ። ጭረት ከሌለ ሰዓት ይያዝ፤ ድምፁ በየ1.33 ሰከንዱ ከተደጋገመ ኤልፒው የተገለበጠው ከባለ 45 ሸክላ ነው፣ ምክንያቱም ባለ 45 አንዱን ዙር የሚጨርሰው በዚያ ጊዜ ነው። የባለ 33 ዙር 1.8 ሰከንድ ይፈጃል፤ በዚያ ልክ ከተደጋገመ ከሌላ ኤልፒ ተገልብጦ ወይም ራሱ ሸክላው ጉድለት ኖሮበት ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ቅጂ ላይ እዚያው ቦታ መኖር አለመኖሩ ይለየዋል። ሌላው ምልክት ዘፈኑ ሊጀምር ሲል ከፍጹም ጸጥታ በኋላ ድንገት የሚገባ ሽሽታ ነው፤ የምንጩን ሸክላ ባዶ ቦታ ቆርጠው ጥለውታል። በኮምፒውተር በጣም የጸዳውም ይታወቃል፦ ቋታው ባይኖርም የከበሮው ጫፍ አብሮ ሄዷል፣ የጭብጨባው ድምፅ ውሃ ውስጥ እንዳለ ይሰማል።

ከነጭራሹ ኦርጅናል ሸክላ የሌላቸው ሥራዎችም አሉ። የኃይሉ መርጊያና የዳህላክ ባንድ «ወደ ሐረር ጉዞ» እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው በካሴት ነው፤ በሸክላ ያየነው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የዚህን «የድሮ ሸክላ» አለኝ የሚል ሻጭ ቢመጣ አይታመን። ኃይሉ ከዋልያስ ባንድ ጋር የሠራው «ቼ በለው» (እ.ኤ.አ. 1977) ግን በካይፋ ሪከርድስ በሸክላ ወጥቷል፤ እ.ኤ.አ. የ2014ቱ ህትመት ሁለተኛ ነው።

ህትመቱን ከመውቀስ በፊት ማጫወቻው ይፈተሽ። በተለይ ከአሜሪካ ማጫወቻ ያስመጡ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት 60 ኸርዝ፣ የእኛ 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ የብዙ አሮጌ ማጫወቻዎች ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው። ስለዚህ 33⅓ ዙር ወደ 28 ይወርዳል፣ 45 ወደ 37.5። ድምፃዊው ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ወርዶ እንደ ታመመ ሰው ይጎትታል። ከአዲስ አበባ የቤተሰብ ማጫወቻ ዋሽንግተን የወሰደ ሰው ደግሞ ተቃራኒው ይደርስበታል፤ 33⅓ው 40 ይሆንና ዘፋኙ ይቀጥናል። መፍትሔው ለኸርዙ የተሠራ ፑሊ (ሞተሩ ላይ ያለው ትንሽ መዘውር) መቀየር ወይም እንደ ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ኤምኬ2 ፍጥነቱ በኳርትዝ የሚመራ ማጫወቻ መያዝ ነው። ለማረጋገጥ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፦ የሸክላው ዳር ላይ ትንሽ ወረቀት አድርጎ መርፌውን ሳያሳርፉ ዙሩን መቁጠር ነው። በ3 ደቂቃ ውስጥ ባለ 33ቱ 100፣ ባለ 45ቱ 135 ዙር መሙላት አለበት።

መርፌም ያው ነው። ከዚያ ዘመን ባለ 45ዎች ብዙዎቹ ሞኖ ስለሆኑ አምፕሊፋየሩ ላይ «ሞኖ» የሚል ማብሪያ ካለ ይጫኑት፤ የቋቋታው አንድ ክፍል ወዲያው ይጠፋል። ለተበላ ሸክላ ጫፉ ቀጭን የሆነ፣ ማይክሮላይን የሚባለው መርፌ ተሞክሮ ቢታይ አይከፋም፤ የድሮው ክብ መርፌ ያልነካውን የቦይ ግድግዳ ስለሚያገኝ የሞተ የመሰለ ሸክላ አንዳንዴ ያነሣል።

እጥበት ሳይደረግ ስለ ድምፅ መፍረድ አይገባም። አራት እጅ ዲስቲልድ ውሃ፣ አንድ እጅ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ በሊትር ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ሽታ የሌለው የዕቃ ሳሙና ይበቃል። በለስላሳ ብሩሽ የቦዩን ዙር ተከትሎ ማሸት፣ በዲስቲልድ ውሃ ብቻ ደግሞ ማለቅለቅ፣ ወረቀቱን ከውሃ መጠበቅ። የነዳጅ ማደያ «የባትሪ ውሃ» የሚገዛ ሰው አሲድ አለመሆኑን አንብቦ ያረጋግጥ። በ78 ዙር የሚዞሩት የቀድሞ ሸክላዎች ግን አልኮል አይንካቸው፤ የተሠሩበትን ሙጫ ያሟሟዋል።

ሁለት ህትመት ሲነጻጸር ትልቁ አታላይ የድምፅ ጉልበት ነው። ከፍ ብሎ የተቀረጸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ስለዚህ ድምፃዊው ብቻውን በሚዘፍንበት ቦታ ሁለቱን እኩል አድርጎ፣ በአንድ መርፌ፣ ያንኑ ግማሽ ደቂቃ እያፈራረቁ መስማት ያስፈልጋል። አዲስ ህትመት አንድ ገጹ ላይ ከ22 ወይም 23 ደቂቃ በላይ ካጨቀ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ መቀረጹ ስለማይቀር እዚያ ላይ አይፈረድበት፤ ጉልበቱን ጨምሮ ነው መመዘን።

ከአሳታሚዎች የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሽፋኑ ጀርባ ላይ አንድ መስመር ይበቃል፦ ምንጩ ቴፕ፣ ሸክላ ወይስ ካሴት እንደሆነ፣ ማን እንደቀረጸው፣ የት እንደታተመ። ሻጮችም የሁለቱን ገጽ ባዶ ቀለበት ፎቶና የየገጹን የመጨረሻ አንድ ደቂቃ ድምፅ ለገዢ ይላኩ። ጋዜጣችሁም የድሮ ሙዚቃ በሸክላ ዳግም መውጣቱን ሲዘግብ አሳታሚውን «ምንጩ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅልን፤ መልሱንም ከዋጋው ጎን ያትምልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሸክላ ሰብሳቢ፣ ከአዲስ አበባ