ኦሪጅናል ተብሎ ስለተሸጠልኝ የላክሮስ ጌም የቀረበ ቅሬታ

ለሱቁ ባለቤት እና ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ሜሪላንድ

ጉዳዩ፦ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ፣

ከድረ ገጻችሁ ላይ ብላስት ላክሮስ የሚባለውን የድሮ የፕሌይስቴሽን 1 ጌም አዝዤ ነበር፤ ላክሮስ መረብ ባለው ዱላ ኳስ የሚጫወቱበት ስፖርት ነው። ማስታወቂያችሁ "ኦሪጅናል፣ ከነመያዣውና ከነመመሪያው፣ ተሞክሮ የሚሠራ" ይላል። ከነመላኪያው 41 ዶላር ከፈልኩ። የመጣልኝ ኮፒ ነው። አይሠራም። ገንዘቤን መልሱልኝ ስላችሁ ደግሞ ጥፋቱን በማሽኔ ላይ አላከካችሁት።

ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩት የአገሬ ልጆች እንደሆናችሁ ስለማውቅ ነው። በእንግሊዝኛ ስጽፍላችሁ የሚመጣልኝ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ መልስ ነው። "ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን" ይልና ያልጠየቅኩትን ይመልስልኛል። በአማርኛ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያነበዋል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው ልንገራችሁ፤ ማን እንዳሸገው ባላውቅም ባለቤቱ ያየው አይመስለኝም። የሽፋኑ ወረቀት በቤት ፕሪንተር የታተመ ነው። ቀለሙ ደብዝዟል። በመቀስ ሲቆረጥ ጠመም ስላለ ዳር ላይ ያለው ጽሑፍ ግማሹ የለም። መመሪያ የተባለው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ነው፣ በስቴፕለር ተመትቶ። ይሄን ሁሉ አይቼ እንኳ "ሽፋኑ ጠፍቶባቸው በኮፒ ተክተውት ይሆናል፣ ዋናው ሲዲው ነው" ብዬ ነበር።

ሲዲውን ስገለብጠው ነገሩ አለቀ። የፕሌይስቴሽን 1 ጌም በእጁ ይዞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ኦሪጅናሉ ሲዲ ከሥሩ ጥቁር ነው። የእናንተው ከሥሩ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ነው፣ ድሮ ሙዚቃ የምንቀዳበት ባዶ ሲዲ። በላዩ የተለጠፈው ክብ ወረቀት አንድ ጎኑ ላይ አረፋ ሠርቷል። በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ተነሳ። ከወረቀቱ ሥር ምን ተጽፎ ቢወጣ ጥሩ ነው? "700 ሜጋባይት፣ 80 ደቂቃ"። ፎቶውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ፣ አጉልታችሁ እዩት።

ማሽኔ ላይ ሳስገባው ነጩ የሶኒ ገጽ ይመጣል። ከሱ ቀጥሎ መምጣት ያለበት ጥቁሩ ገጽ ነው፣ የፒኤስ ምልክት ያለበት። እሱ አይመጣም። በምትኩ የፕሌይስቴሽን ሲዲ አስገባ የሚል መልእክት ይወጣል። ማሽኑ እንኳ ከእናንተ ይልቅ እውነቱን ነግሮኛል።

የመጀመሪያው መልሳችሁ "የማሽንዎ ሌንስ ቆሽሾ ይሆናል፣ ያጽዱት" የሚል ነበር። በዚያው ማሽን ላይ፣ በዚያው ማታ፣ የድሮ የፊፋ ኦሪጅናል ሲዲ አስገብቼ ያለ ምንም ችግር ተጫውቻለሁ። ቪዲዮውን ላክኩላችሁ፤ አያችሁት አላያችሁት አላውቅም። ቀጥሎ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ልጅ ትሁት ነው፣ እሱን አልወቅስም። ግን ያለኝን ቃል በቃል ልጻፈው፦ "ወንድሜ፣ እሱ ሲዲ እኮ ቺፕ የገባለት ማሽን ይፈልጋል።"

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሶኒ ኦሪጅናል ሲዲዎቹ ላይ፣ መሃለኛው ቀለበት አካባቢ፣ ለየትኛው የዓለም ክፍል ገበያ እንደተሠሩ የሚናገር ምልክት አስቀምጧል። ምልክቱ በትራኩ መወዛወዝ የተጻፈ ነው። የአሜሪካው ማሽን ሲነሳ "ኤስ ሲ ኢ ኤ" የሚሉትን አራት ፊደላት ይፈልጋል፤ ካላገኘ ጌሙን አይከፍትም። ተራ የኮምፒውተር መቅጃ ደግሞ ፋይሉን ይገለብጣል እንጂ ያንን መወዛወዝ መሥራት አይችልም። ቺፕ የሚባለው ነገር ሥራው ይሄ ነው፤ ሲዲው ላይ የሌለውን ምልክት ለማሽኑ ያቀብላል። የአሜሪካ ኦሪጅናል ሲዲ የአሜሪካ ማሽን ላይ ቺፕ አያስፈልገውም። ልጁ "ቺፕ ይፈልጋል" ሲለኝ "ኮፒ ነው የሸጥንልህ" ማለቱ ነው። ከዚህ በላይ ማስረጃ ከየት ላምጣ?

በነገራችን ላይ ኮፒ ነውር ነው ብዬ እየሰበክሁ አይደለም። አዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤት ገንዘቤን የጨረስኩ ሰው ነኝ። እዚያ ማሽኑ ሁሉ ቺፕ የገባለት፣ ሲዲው ሁሉ ኮፒ ነበር። ግን ባለቤቱም እኛም እናውቀዋለን። ኮፒ በኮፒ ዋጋ ይሸጣል፣ ኮፒ ተብሎ ይጠራል። "ኦሪጅናል ነው" ብሎ ዋጋ የጨመረብን ሰው አልነበረም። እናንተም "ኮፒ፣ ቺፕ ላለው ማሽን ብቻ" ብላችሁ ጽፋችሁ ቢሆን ኖሮ አልፌ እሄድ ነበር እንጂ አልቀየማችሁም።

ስልክ ላይ ልጁ ሳቅ ብሎ "ለጌም ነው እንዴ እንደዚህ?" አለኝ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፣ አውቃለሁ። ይሄ ግን ጨዋታ ሳይሆን ንግድ ነው። ጌታም አይደለሁም፣ ደንበኛ ነኝ።

"41 ዶላር ነው፣ ሌላ ግዛ" የሚል ካለም ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ሌላ ከየት ይገዛል? ጌሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። አሳታሚው አክሌይም እ.ኤ.አ. በ2004 ከስሮ ተዘግቷል። አዲስ የሚያሳትም የለም፣ ቅሬታ የሚሰማ አምራችም የለም። ላክሮስ እንደ እግር ኳስ በየዓመቱ አዲስ ጌም የሚወጣለት ስፖርት አይደለም። በኤክስቦክስ 360 ኮሌጅ ላክሮስ 2010 የሚባል ነበር፤ ይሸጥበት የነበረው የትናንሽ ሠሪዎች ክፍል እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘግቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ለፕሌይስቴሽን 4 እና ለኤክስቦክስ ዋን የወጣው ኬሲ ፓወል ላክሮስ 16 አለ፤ እሱ ግን እውነተኛውን ስፖርት ለመምሰል የሚጥር ዓይነት ነው። እኔ የፈለግኩት ያንን አልነበረም። የፈለግኩት የድሮውን አርኬድ ነው፤ ሕግ ላላ ያለበት፣ ግጭቱ የጠና፣ ሁለት ሰው ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ እየተጯጯኸ የሚጫወተው። ብላስት ላክሮስ ምርጥ ጌም ነው አልልም፤ አይደለምም። ግን የናሽናል ላክሮስ ሊግ ፈቃድ ያለው የፕሌይስቴሽን 1 ላክሮስ ነው፣ ያ ይበቃኛል።

ለማን እንደገዛሁትም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ስጦታ መሆኑን ትዕዛዙ ላይ ጽፌ ነበር። የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ላክሮስ ይጫወታል። እዚህ ሜሪላንድ ላለ ልጅ ይሄ ብርቅ አይደለም፤ ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ላክሮስን የግዛቱ ይፋዊ የቡድን ስፖርት አድርጋዋለች። ልጁ የሚያውቀው በሣር ሜዳ ላይ፣ አሥር ለአሥር የሚጫወቱትን ነው። ጌሙ ግን የቦክስ ላክሮስ ነው፤ የበረዶ ሆኪ ሜዳ ላይ ሰው ሠራሽ ሣር ተነጥፎ፣ ግድግዳ ተከብቦ፣ ከበረኛው ጋር ስድስት ሆነው የሚጫወቱት። ኳሱን የያዘ ቡድን በ30 ሰከንድ ውስጥ መምታት አለበት። እኔ መረብ ያለው ዱላ ሳይ የገና ጨዋታ ነው ትዝ የሚለኝ፤ እሱ ደግሞ ይስቅብኛል። ጌሙ በወጣበት ዓመት ዋሽንግተንም በናሽናል ላክሮስ ሊግ ውስጥ ዋሽንግተን ፓወር የሚባል ቡድን ነበራት። ሁለት የውድድር ዘመን ተጫውቶ ወደ ኮሎራዶ ሄደ፣ ዛሬ ኮሎራዶ ማሞዝ ይባላል። ይሄን ሁሉ እያጫወትኩት ነበር ሲዲውን ያስገባሁት። ከዚያ የሆነውን ከላይ ጽፌዋለሁ። ልጁ ትከሻዬን መታ አድርጎ "አይዞህ ጋሼ" አለኝ። የልደቱ ስጦታ ተበላሽቶበት እሱ እኔን ያጽናናል።

አሁን ወደ መመለሻ ደንባችሁ ልምጣ። የመጨረሻው ኢሜይላችሁ "የተከፈተ ጌም አይመለስም፣ በልዩ ሁኔታ ከተፈቀደም 20 በመቶ ይቀነሳል፣ የመላኪያ ወጪው የደንበኛው ነው" ይላል። ሲዲው ኦሪጅናል ሆኖ እኔ ሐሳቤን ለውጬ ቢሆን ይሄ ደንብ አያስከፋም። ግን ሳይከፈት ኮፒ መሆኑ በምን ይታወቃል? በማሸጊያው ላይ አሽትቼ ነው? ደንቡ የተጻፈው ሐሳቡን ለቀየረ ገዢ ነው። የተባለውን ሳይሆን ሌላ ዕቃ ለተላከለት ሰው አይሠራም። 20 በመቶውስ የምን ነው? ኮፒውን መልሶ መደርደሪያ ላይ የማስቀመጫ?

መደርደሪያ ስል ሌላም ነገር አለ። ደብዳቤውን ከመጻፌ በፊት ድረ ገጻችሁን ስመለከት ያው ማስታወቂያ፣ ያው "ኦሪጅናል" የሚል ቃል፣ ያው ፎቶ አሁንም አለ። ፎቶው ላይ ያለው ሲዲ ከሥሩ ጥቁር ነው። የእኔ አይደለም ማለት ነው። ወይ ፎቶው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፣ ወይ ኦሪጅናሉ እናንተ ጋ ተቀምጦ ቅጂው ይሸጣል። የትኛው እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ለእኔ ሁለቱም ያው ነው።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። የከፈልኩት 41 ዶላር ሳይቀነስ በከፈልኩበት ካርድ ይመለስልኝ። ሲዲውን የምመልስበትን የፖስታ ክፍያ እናንተ ቻሉት፤ የተከፈለበትን የመላኪያ ወረቀት በኢሜይል ብትልኩልኝ በማግስቱ ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ። ማስታወቂያውን ደግሞ ወይ አውርዱት፣ ወይ ኮፒ መሆኑን ጻፉበት። ኦሪጅናሉ በእርግጥ ካላችሁና ብትልኩልኝ ከገንዘቡ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ፤ ከመላካችሁ በፊት ግን የሲዲውን ሥር ፎቶ አንስታችሁ አሳዩኝ። ሌላ ጌም ልቀይርልህ የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም። ልጁ የሚጫወተው ላክሮስ ነው።

በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ክፍያውን በባንኬ በኩል እቃወማለሁ፣ ጉዳዩንም ለሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቀርባለሁ። ማስፈራራቴ አይደለም፤ ቀድሜ ብነግራችሁ ይሻላል ብዬ ነው። የአገሬ ሰው ሱቅ ከፍቶ ሲሠራ ደስ ይለኛል፣ ብዙ ጓደኞቼንም ልኬላችኋለሁ። አሁን እየደወሉ "እንዴት ነው፣ እንግዛ?" ሲሉኝ ምን ብዬ ልመልስ?

ከደብዳቤው ጋር የደረሰኙን ቅጂ፣ የማስታወቂያውን ገጽ ፎቶ፣ የሲዲውን የላይና የሥር ፎቶ፣ ማሽኑ ላይ የተነሳውን ቪዲዮ አያይዣለሁ። ስልኬ ትዕዛዙ ላይ አለ። ቀን ሥራ ላይ ስለምሆን ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ብትደውሉ ይሻላል፤ በዚህ አገር አቆጣጠር 7 ሰዓት ማለቴ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
ደንበኛችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ