የአምፑን ጀርባ ላየችው ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፦

እንደምን ሰነበትሽ? እኔና እናትሽ ደህና ነን። ይህን የምጽፍልሽ ወንድምሽ ትናንት ማታ ስለ ባንዳችሁ ልምምድ ያጫወተኝን ከሰማሁ በኋላ እንቅልፍ አልወስድ ስላለኝ ነው። እሱ እንደ ነገረኝ፣ አዲሱ ጊታር ተጫዋች የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላለትን አምፑን መሬት ላይ አስቀምጦ ገና ኬብሉን ሳይሰካ አንቺ ተነሥተሽ ወደ ጀርባው ዞርሽ፤ ጎንበስ ብለሽ አየሽ፤ ያን አምፖል የሚመስል የብርጭቆ ቲዩብ ስታጪበት «ይሄማ ትራንዚስተር ነው፤ እኔ ከዚህ ጋር አልጫወትም» ብለሽ ጊታርሽን ቦርሳው ውስጥ ከተትሽ። ልጁ ከዚያን ቀን ወዲህ ልምምድ አልመጣም። ወንድምሽ አንቺን ለማሳጣት ብሎ አልነገረኝም፤ እንዲያውም ሲጀምር እየሳቀ ነበር፤ ሳቁን ያቋረጠው የእኔን ፊት አይቶ ነው።

ነገሩን ሳላለሳልስ ልንገርሽ፤ ሰውን በአምፑ አትመዝኚ። ከዚህ በታች ብዙ ነገር እጽፍልሻለሁ፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሺው እንኳ ይህን አትርሺ።

ድምፁን በብርጭቆ ቲዩብ የሚያጎላ አምፕ፣ በትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቁራጮች፣ በትራንዚስተር፣ ከሚያጎላው አይለይም አልልሽም። እኔም ጆሮ አለኝ፤ ቢያንስ አንዱ አለኝ። ቲዩብ አቅሙ እስኪያልቅ ሲገፋ ድምፁን በአንድ ጊዜ አይቆርጠውም፤ ጫፉን እያለዘበ ይጨምቀዋል፤ ክሩን በቀስታ ስትነኪው ይጠራል፣ ጠበቅ አድርገሽ ስትመቺው ይሻክራል። ይህን እወደዋለሁ፤ አንቺም መውደዱን የተማርሽው ከእኔ ነው። አብረሽ የተማርሽው ሌላ ነገር መኖሩን ነው ትናንት ማታ የተረዳሁት።

ያ ግድግዳሽ ላይ ፎቶውን የለጠፍሽው ማርሻል የተባለው አምፕ ከየት እንደ መጣ አስበሽ ታውቂያለሽ? ጂም ማርሻል ከበሮ መቺና የከበሮ አስተማሪ ነበር፤ ለንደን ውስጥ የከፈተው ሱቅም በመጀመሪያ የድራም ሱቅ ነበር። ወደ ሱቁ የሚመላለሱት ወጣት ጊታር ተጫዋቾች ከዚያ ቀደም ከነበረው ከፍ ያለ ድምፅ የሚሰጥ አምፕ ሲጠይቁት፣ ከኬን ብራንና ከዱድሊ ክሬቨን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያውን አወጣ። ሰርኪዩቱን፣ ማለት የውስጡን የኤሌክትሪክ አሠራር፣ ከራሳቸው አላፈለቁትም፤ ፌንደር ቤዝማን የተባለውን የአሜሪካ አምፕ ከፍተው በእንግሊዝ በሚገኙ ዕቃዎች እንደገና ሠሩት እንጂ። ቤዝማን ደግሞ ስሙ እንደሚናገረው ለቤዝ ጊታር ተብሎ የተሠራ ነው። አራቱ ባለ 10 ኢንች የጄንሰን ስፒከሮች ጀርባው ክፍት በሆነ ሣጥን ውስጥ የነበሩት፣ በማርሻል ጊዜ ጀርባው በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ባሉ አራት ባለ 12 ኢንች የሴሌስሽን ስፒከሮች ተተኩ፤ ሁለቱን በድምፅ ካለያዩዋቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። የአምፑ ስም ጄቲኤም 45 ሲባል «ጄ» ጂም፣ «ቲ» ልጁ ቴሪ፣ «ኤም» ማርሻል ማለት ነው። አባት የልጁን ስም ያኖረበት የአምፕ ቅጂ ነው እንግዲህ አንቺ ሰው የምትለኪበት። ሜሳ ቡጊ የተባለው አምፕም ቢሆን ራንዳል ስሚዝ የፌንደርን ትንሿን ፕሪንስተን ከፍቶ ውስጧን ሲያጠናክር የተጀመረ ነው። የፌንደር ወገን፣ የማርሻል ወገን፣ የሜሳ ወገን እየተባባሉ ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከሩት ሰዎች የአንድ አያት የልጅ ልጆችን እያጣሉ ነው።

ትራንዚስተር ያልሽውንም ልመልስልሽ። የብሉዝ ጊታር ተጫዋቹ ቢቢ ኪንግ ለብዙ ዓመታት መድረክ ላይ የተጫወተበት ላብ ሲሪስ ኤል 5 የተባለው አምፕ ትራንዚስተር ነው። ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው ጃዝ ኮረስ የተባለው አምፕም፣ በሁለት በኩል 60፣ 60 ዋት የሚሰጠው፣ ውስጡ አንድም ቲዩብ የለም፤ ያን ንጹሕ ድምፁን በቲዩብ ለማግኘት የደከሙ ብዙዎች ናቸው። ቢቢ ኪንግ ልምምድ ክፍላችሁ ቢገባ ኖሮ የእሱንም ጀርባ ጎንበስ ብለሽ ልታዪ ነበር? በሌላ በኩል የሌድ ዜፕሊንን የመጀመሪያ አልበም ሰምተው በቁመታቸው ልክ የተደረደረ ማርሻል የገዙ ስንቶች ናቸው፤ የባንዱ ጊታር ተጫዋች ጂሚ ፔጅ ግን ያን አልበም የቀዳው በአንዲት ትንሽ የሱፕሮ አምፕ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። የኪንክስ ባንድ ጊታር ተጫዋች ዴቭ ዴቪስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ያን ሻካራ የጊታር ድምፁን ያገኘው ከማንም ዘንድ ክብር ያልነበራትን የአንዲት ትንሽ አምፕ ስፒከር በምላጭ ቀድዶ ነው። (አንቺ የእኔን ስፒከር እንዳትነኪ። ቀልዴን አይደለም።)

ጆሮሽ ምን ያህል እንደሚያታልልሽም ዕወቂ። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ የሰው ጆሮ ድምፅ ዝቅ ሲል ወፍራሙንና በጣም ቀጭኑን ድምፅ እኩል አይሰማም፤ ከፍ ሲል ግን ሁለቱም ይመለሱለታል። ስለዚህ ሁለት አምፖችን ጎን ለጎን ስታወዳድሪ፣ አንዱ በጥቂቱ እንኳ ከፍ ካለ እሱ የሞላና የሚጥም ይመስልሻል፤ አንቺም ልዩነቱን ለአምፑ ስም ትሰጪዋለሽ። ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት መሄድም እጥፍ ድምፅ አይሰጥም፤ የሚጨምረው በድምፅ መጠን መለኪያው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል 10 እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው የባንዳችንን አምፖች «ሳወዳድር» የራሴን ሁልጊዜ አንድ ጭረት ከፍ አድርጌ የከረምኩት። ሳላውቅ ነው ማለቴን ግን ደግሜ ሳነበው ራሴን አላመንኩትም።

ስለዚያ ባንድ ግማሹን ነግሬሽ ግማሹን ደብቄሻለሁ። ባወራሁ ቁጥር «ሁለተኛው ጊታር ተጫዋቻችን ሌላ ሥራ አገኘና ትቶን ሄደ» እላለሁ፤ እናትሽ ያን ጊዜ ሁሉ ተነሥታ ወደ ሌላ ክፍል የምትሄደው እውነቱን ስለምታውቅ ነው። እኔ ተበድሬ የገዛሁት ባለ 100 ዋት የቲዩብ አምፕ ነበረኝ። እሱ ምንም ስም ያልተጻፈበት ትንሽ የትራንዚስተር አምፕ ነበረው፤ የቮሊውም ማዞሪያው ጠፍቶ በቦታው የጥርስ ሳሙና ክዳን ገጥሞበታል፤ በነጩ ክዳን ላይም የት እንደ ደረሰ እንዲታየው በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር አስምሯል። አንድ ቀን ሰው ፊት ልንጫወት ስንሰናዳ አምፑን ከእኔ አምፕ ጎን አስቀመጠው። «ይህን ሬዲዮ ከአጠገቤ አርቅልኝ፤ ሰው ምን ይለናል» አልኩት፤ ሁሉም እየሰሙ። ድራም መቺው ሳቀ። እሱ አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ኬብሉን ነቀለና በክንዱ ላይ ሳይሆን በመዳፉ ውስጥ፣ አንዱን ዙር ወደ ፊት አንዱን ዙር ወደ ኋላ እያደረገ፣ እንዳይጣመም ተጠንቅቆ መጠቅለል ጀመረ። ረጅም ኬብል ነበር። ጠቅልሎ እስኪጨርስ ድረስ ማናችንም አልተናገርንም። ከዚያ አምፑን በብብቱ ይዞ ወጣ፤ እኔ የራሴን ያለ ረዳት ከመሬት ማንሣት አልችልም ነበር።

እሱ ከመሄዱ በፊት ልምምድ ላይ በቴፕ የቀዳነው ካሴት አለ፤ ቁም ሣጥኑ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለው፣ ልጅ ሳለሽ ነካሽው ብዬ የጮኽኩብሽ። ሁለታችን እየተቀባበልን የምንጫወትበት አንድ ቦታ አለው። ከብዙ ዓመት በኋላ ሳዳምጠው የትኛው እኔ፣ የትኛው እሱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። መጀመሪያ ላይ የሚያምረውን እኔ ነኝ ብዬ ተቀምጬ ነበር። በሌላ ቀን ስሰማው በዚያው ጊታር ላይ እሱ ብቻ የሚያደርጋትን አንዲት የጣት ማንሸራተት ሰማሁ። ኋላ ደግሞ እሷን እኔም ከእሱ ለምጄ ወስጃት እንደ ነበር ትዝ አለኝ። ያ ሁሉ ልዩነት፣ ያ ጓደኛዬን ያባረርኩበት ልዩነት፣ ካሴቱ ላይ የለም። ይቅርታ ልጠይቀው ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጀምሬ ነበር፤ ሁለቱንም አልጨረስኳቸውም። ሰውን በአምፑ አትመዝኚ የምልሽ ስለዚህ ነው።

በግራዬ በኩል ስትጠሩኝ የማልመልሰውም የዚያው አምፕ ዕዳ ነው። «ትክክለኛው ድምፁ» የሚወጣው ቮሊውሙ ከግማሽ ካለፈ በኋላ ነው እያልኩ በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ዓመታት ከፈትኩት፤ ስሙን ገዝቼ ድምፁን ሳልጠቀምበት እንዴት ይሆናል ብዬ። ባለሙያዎቹ ለ85 ዴሲቤል በቀን 8 ሰዓት ይፈቅዳሉ፤ ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ 3 ዴሲቤል ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ ስትደርሺ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀርሻል። እኛ 15 ደቂቃውን ጊታር በመቃኘት ነበር የምንጨርሰው። ጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸው ነገር ማታ ማታ ይበረታል፤ ትናንት ሌሊትም አብሮኝ ነቅቶ አድሯል። የጆሮ መድፈኛሽን ጊታር ቦርሳሽ ኪስ ውስጥ አኑሪ፤ ከፒክሽ ጋር አትቀላቅዪው፤ አንዱን ስታወጪ ሌላው ይጠፋብሻል።

ብድር ልትወስጂ እንደሆነም ሰምቻለሁ። አትወስጂም። ይህን እንደ ምክር አትስሚው። እኔ የዚያን አምፕ ብድር ከፍዬ የጨረስኩት ባንዱ ከፈረሰ በኋላ ነው። ቲዩብ አምፕ ካማረሽ የእኔን ውሰጂ፤ ከግማሽ በላይ አትክፈቺው፤ ወንድምሽም ያግዝሽ፤ ወገብሽን ሳይሆን ጉልበትሽን አጥፈሽ አንሺው። ስፒከሩ ሳይሰካ በፍጹም እንዳታበሪው፤ የማውጫው ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል። ከኋላው ያለው መምረጫ ስፒከርሽ ላይ ከተጻፈው ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያው) ጋር መግጠሙን እዪ፤ ስፒከሩ 8 ከሆነ እሱም 8 ላይ ይሁን። ፊውዝ ከተቃጠለ በዚያው አምፔር ብቻ ይተካል፤ ወፍራም ሽቦ ወይም ተለቅ ያለ ፊውዝ እንዳታስገቢ። ውስጡን ደግሞ አትክፈቺ። ከሶኬት ተነቅሎም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮቹ 400 ቮልት ከዚያም በላይ ይዘው ይቆያሉ፤ ሰው ይገድላል። ይህን ሳትፈጽሚ አምፑን ነካሽው ማለት ከእኔ ጋር ተጣላሽ ማለት ነው።

የኔ እናት፣ ቁጣዬ በዛብሽ መሰለኝ። ስድስት ዓመትሽ ሳለ የእኔን ጊታር መሬት ላይ አጋድመሽ ክሩን በማንኪያ እየመታሽ «አባዬ፣ ይዘፍናል» ስትይ፣ ከየትኛውም አምፕ ጋር አልተያያዘም ነበር። ያን ቀን እኔና እናትሽ የተያየነውን አልረሳውም። ጣቶችሽ ከእኔ የተሻሉ ናቸው፤ ይህን ፊት ለፊት ነግሬሽ አላውቅም፤ እንዳትኮሪ ብዬ ነበር፤ ኩራቱ በሌላ በር እንደሚገባ መች አሰብኩ።

እንግዲህ ከመጪው ልምምድ በፊት ወደ ልጁ ሂጂ። በስልክ አይሆንም። ብዙ አታብራሪ፤ ስለ ቲዩብና ስለ ትራንዚስተር አንድ ቃል አታንሺ፤ «ተሳስቻለሁ፤ ና እንጫወት» በይው። ካልተቀበለሽም አትከራከሪው። ከመጣ የራስሽን ኬብል ነቅለሽ በእሱ አምፕ ላይ አንድ ሙሉ ዘፈን ተጫወቺ፤ ማዞሪያዎቹንም እሱ ካስቀመጠበት አታንቀሳቅሺ። ደግሜ እልሻለሁ፤ ሰውን በአምፑ አትመዝኚ።

ካሴቱን ወንድምሽ ያመጣልሻል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፤ ወደ መሀሉ አካባቢ፣ ድራሙ ዝም ካለ በኋላ። በጆሮ ማዳመጫ ስሚውና የትኛው እኔ እንደሆንኩ ከለየሽ ንገሪኝ፤ ካልለየሽም ንገሪኝ። ቴፑ ስላረጀ በማጫወቻው ወደ ኋላ አትመልሺው፤ ይጎትተዋል። እርሳስ አስገብተሽ በእጅሽ፣ ቀስ እያልሽ አዙሪው።

የሚወድሽ
አባትሽ