ሦስተኛዋ ስኒ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ይሄን ደብዳቤ መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው። ለጎረቤት ልጅ ሰጥተሽ እንዳታስነብቢው፣ አደራ። በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ጀምሬ አቃተኝ። ድምፅሽን ስሰማ ሆዴ ይባባል፣ ከዚያ ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ ጉልበትሽ አውርተን እንዘጋዋለን። የአባዬ ሙት ዓመት ሳይደርስ ግን ልንገርሽ።

ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። እዚህ ሜሪላንድ ሰው ተሰብስቦ ገና ሳይነጋ በሬን ሲያንኳኳ ነው የተረዳሁት። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ያለውን 130 ኪሎ ሜትር እንዴት እንደመጣሁት አላስታውስም። ስገባ ሠልስቱ አልፏል፣ ድንኳኑ ተነስቷል። አንቺ ሳሎን ፍራሽ ላይ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ተቀምጠሻል። ሰው ሁሉ አልቅሶ ከጨረሰ በኋላ ብቻዬን ማልቀሴ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የዚያኑ ዕለት ማታ ቡና ስታፈዪ ሦስት ስኒ ቀዳሽ። አንድ ለኔ፣ አንድ ላንቺ። ሦስተኛዋን ጤና አዳም ጣል አድርገሽባት መስኮቱ ስር፣ የአባዬ ወንበር አጠገብ አኖርሻት። ምንም አላልሽም፣ እኔም አልጠየቅኩሽ። ጠዋት ስኒዋ እንደሞላች ነበረች። ጎንበስ ብለሽ አየሻት። ፊትሽን እስከ ዛሬ ልረሳው አልቻልኩም፣ ቀጠሮ የቀረበት ሰው ትመስዪ ነበር።

በነጋታውም እንደዚያው። በሦስተኛው ሌሊት አላስቻለኝም። በጨለማ ዳብሼ ሄጄ ቀዝቃዛውን ቡና ጭልጥ አደረግኩት። ጠዋት ባዶዋን ስኒ ስታዪ አማተብሽ፣ ቁርስም ቀመስሽ። ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ ጠጣሁት። ይቅር በዪኝ። ላታልልሽ አስቤ አይደለም፣ እህል እንዲገባልሽ ብዬ ነው።

የአርባው ዋዜማ ግን ሌላ ነው። የገና ጾም ስለነበር ሴቶቹ ሽሮውንና ምስሩን ሲያሰናዱ፣ እንጀራው ሲጋገር አምሽተን ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። መብራት ጠፍቷል። ድሮ መብራት ሲጠፋ አባዬ «ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ያየው እዚሁ ነው፣ ምን ያስፈራችኋል?» ይለን አልነበር? የታህሣሥ ውርጭ አጥንት ይሰብር ነበር። ከድካሜ ብዛት ልብሴን እንኳ ሳላወልቅ አጠገብሽ ወደቅኩ፣ ስኒዋን ረሳኋት።

የነቃሁት በውሻው ነው። ያ ያየውን ሁሉ የሚጮህበት ውሻ አልጮኸም። ሰንሰለቱን እየጎተተ ቀስ ብሎ ያለቃቅሳል፣ ልክ አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እንደሚያደርገው። ከዚያ በረንዳው ላይ ቋ አለ። ዝም። ደግሞ ቋ። ከዘራ ነው። ከዘራውን ደግሞ በር ጀርባ ተሰቅሎ አይቼው ነው የተኛሁት። ስልኬን አየሁ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኗል። የስልኩን መብራት ላበራ ጣቴ እምቢ አለኝ። አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽኛል፣ ትንፋሽ ይሰማኛል። ሳሎን ወንበሩ ሲጢጥ አለ፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው። ቀጥሎ ስኒና ሳህን ሲነካኩ ሰማሁ፣ አንዴ ብቻ።

ልጮህ ነበር። ግን ጋቢው ሸተተኝ እማዬ። የአባዬ ጋቢ፣ ያ የጭስና የእጣን ሽታ። ፍርሃቱ ከላዬ ላይ ወረደ። «አባዬ ይቅር በለኝ፣ አልደረስኩልህም» አልኩት በሆዴ። እንቅልፍ መቼ እንደወሰደኝ አላውቅም።

ጠዋት ስኒዋ ባዶ ነበረች። እኔ አልጠጣኋትም።

እኔ ስጠጣ ጤና አዳሙን ስኒው ውስጥ ነበር የምተወው። የዚያን ቀን ግን ቅጠሉ ተበልቶ እንጨቷ ብቻ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ተጋድማለች። አባዬ ነበር እንደዚያ የሚያደርገው። ቅጠሉን ያኝክና እንጨቷን ጠርዙ ላይ ያስቀምጣታል፣ አንቺም «እንደ ፍየል» እያልሽ ትስቂበት ነበር። እኔ ረስቼው ኖሯል፣ ያስታወስኩት ሳያት ነው። አንቺ ግን መቼም አትረሺውም። ታዲያ ያን ወር ሙሉ ጤና አዳሙን ስኒው ውስጥ ስታገኚው፣ የምጠጣው እኔ እንደሆንኩ ታውቂ ነበር ማለት ነው?

እንጨቷን በሁለት ጣትሽ አንስተሽ ቆመሽ ብዙ ቆየሽ። ነጠላሽ ጫፍ ላይ ቋጠርሻት። ስኒዋን አጥበሽ ከሌሎቹ ጋር ደረደርሻት። እስክመለስ ድረስ ሦስተኛ ስኒ ስትቀጂ አላየሁሽም።

እማዬ፣ አንቺ ነበርሽ? አለመድረሴ እንዴት እንዳቃጠለኝ አይተሽ፣ እንድሰናበተው ብለሽ ነው ጋቢውን ለብሰሽ የተነሳሽው? ግን ትንፋሽሽ አጠገቤ ነበር። ወይስ የራሴን ትንፋሽ ነው የሰማሁት?

እሁድ እደውላለሁ። ቤት ውስጥ ሰው ካለ ቆይተሽ አንሺው። ያቺ እንጨት ደግሞ እስካሁን ካለችሽ እንዳትጥያት፣ ስመጣ ላያት እፈልጋለሁ።

ልጅሽ