ለወዳጄ፣ ስለ ሌላ ሰው እጅ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወዳጄ፤

ከተለያየን ጀምሮ እንደምን ከርመሃል? እኔ ደኅና ነኝ፤ ደኅና ሆኜ ሳለ አራት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር እንኳ ሳልጽፍልህ በመቅረቴ ግን ምን ብለህ እንደምታማኝ አላጣሁትም። ምክንያቱን አልደብቅህም፤ የመጨረሻው ደብዳቤህ አስቀይሞኝ ነበር። «የተተረጎመ መጽሐፍ ማንበብ በሰው ጥርስ ማኘክ ነው» ብለህ ጻፍህልኝ፤ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሰው ጥርስ ሳኝክ የኖርሁ ሰው ነኝና ነገሩ ከሆዴ ገባ። መልስ ጀምሬ ቀደድሁ፤ ደግሜ ጀምሬ ቀደድሁ፤ በኋላ ዝምታው ራሱ ልማድ ሆነና ቀረሁ። ዛሬ የምጽፍልህ ለመታረቅ ብቻ ሳይሆን ክርክራችንን ካቆምንበት ለማንሣትም ነው፤ ባለፈው ዓመት እኔው ራሴ ለመተርጎም ሞክሬ የማላውቀውን ዐውቄአለሁና።

የእኅቴ ልጅ ሰባት ዓመት ሆኗታል። ከእንጨት የተጠረበውን አሻንጉሊት፣ የፒኖኪዮን ታሪክ ማታ ማታ ከእንግሊዝኛው ላይ እያየሁ በአፌ ወደ አማርኛ እየመለስሁ እነግራት ነበር፤ የትናንቱን ቃል ዛሬ ስለውጥባት «እንዲህ አላልህም» እያለች ታርመኛለች። እንግዲህ ልጻፈው ብዬ ብዕር ባነሣ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ተሰናከልሁ። አናጢው ግንዱን ሊጠርብ መጥረቢያውን ሲያነሣ ከእንጨቱ ውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ በኃይል እንዳይመታው ይለምነዋል። እንጨቱ ሽማግሌውን «አትምታኝ» ይበለው ወይስ «አይምቱኝ»? እንግሊዝኛው ለአንተም ለአንቺም ለእርስዎም አንድ ቃል ብቻ ስላለው ምንም አይነግርህም። ሦስት ሌሊት «አይምቱኝ» እያልሁ ከጻፍሁ በኋላ ጣልያንኛ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ ዋናውን መጽሐፍ አስከፈትሁት፤ ለካስ እንጨቱ ያለ አንዳች ይሉኝታ ሽማግሌውን «አንተ» እያለ ነው የሚያናግረው! ያ ድፍረት የታሪኩ ሁሉ ጠባይ ነው፤ እኔ ግን ከእንግሊዝኛው ስለ ቀዳሁ ገና ያልተጠረበውን እንጨት ጨዋ ልጅ አድርጌው ነበር። ይባስ ብሎም፣ እኔ በያዝሁት መጽሐፍ ወንድ የሆነው አታላይ ቀበሮ በጣልያንኛው ሰዋስው ሴት ሆና ተገኘች። ይህንን ለልጅቱ ብነግራት «ቀበሮው ወንድ ነው፣ አንተው ነህ የነገርኸኝ» ብላ አሻፈረኝ አለች።

ስለዚህ በአንድ ነገር እረታልሃለሁ፦ በተተረጎመ መጽሐፍ ውስጥ የሌላ ሰው እጅ አለበት። የማልረታልህ ግን ያ እጅ የሌለበት ንጹሕ መጽሐፍ አለ በሚለው ነው። የፒኖኪዮ ደራሲ ካርሎ ኮሎዲ ቀድሞ የሻርል ፔሮን ተረቶች ከፈረንሳይኛ ወደ ጣልያንኛ የመለሰ ተርጓሚ ነበር። ፒኖኪዮንም እ.ኤ.አ. በ1881 በአንድ የልጆች ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ማውጣት ሲጀምር አሻንጉሊቱን በ15ኛው ምዕራፍ ዛፍ ላይ አሰቅሎ ታሪኩን ዘግቶት ነበር፤ ዛሬ የምናውቀው ፍጻሜ የመጣው አንባቢዎች ይቀጥል ብለው ስለ ወተወቱ ነው። የስዊድናዊቷ ደራሲ የአስትሪድ ሊንድግሬን ፒፒም በዋናው መጽሐፍ ሙሉ ፈረስ በሁለት እጇ የምታነሣ ልጅ ነበረች፤ በ1951 በወጣው የፈረንሳይኛ ትርጉም ግን ያነሣችው ድንክ ፈረስ ሆነ፤ የፈረንሳይ ልጆች አያምኑም ተብሎ። ደራሲዋ ታዲያ ድንክ ፈረስ የምታነሣ ፈረንሳዊት ልጅ ካለች ፎቶግራፏን ላኩልኝ ብላ ጠየቀች ይባላል። ይህን ባነበብሁ ቁጥር እስቃለሁ።

አንተ ግን «ልብ ወለዱስ ይሁን፣ የጉዞ መጽሐፍ የራስ ዓይን ነው» ብለኸኝ ነበር። የማን ዓይን? ማርኮ ፖሎ መጽሐፉን በእጁ አልጻፈውም። በ1298 በጄኖዋ እስር ቤት ሳለ የነገረውን የጻፈለት ሩስቲኬሎ የተባለ የፒሳ ሰው ነው፤ ሩስቲኬሎ ደግሞ የንጉሥ አርተርን ፈረሰኞች ገድል ይጽፍ የነበረ በመሆኑ፣ የጉዞው መጽሐፍ መግቢያ የፈረሰኞቹን ገድል መግቢያ ቢመስልህ አይግረምህ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ጠፍቷል፤ የቀሩት በየቋንቋው የተገለበጡ፣ እርስ በርሳቸውም የማይስማሙ ቅጂዎች ናቸው። ይሁንና በዚያ ሁሉ እጅ መካከል የሰውዬው ዓይን አልጠፋም። በሱማትራ ባለ አንድ ቀንዱን ፈረስ አየሁ ይላል፤ ወዲያው ግን ጭቃ ውስጥ መንከባለል የሚወድ፣ ለማየት እጅግ የሚያስጠላ አውሬ ነው፣ በድንግል ጭን ላይ የሚተኛው እኛ የምናወራለት እንስሳም አይደለም ብሎ ይጨምራል። ያየው አውራሪስ ነበር። ስሙን ከተረት ተበደረ፤ ጭቃውን ግን ከዓይኑ። ሞሮኳዊው ተጓዥ ኢብን ባቱታም በ1325 ከታንጀር ወጥቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ ከዞረ በኋላ በሞሮኮው ሱልጣን ትእዛዝ ጉዞውን ኢብን ጁዘይ ለተባለ ጸሐፊ ነግሮ አስጽፏል፤ ጸሐፊውም አንዳንዱን ስፍራ የሚገልጸውን ቃል ከእርሱ በፊት ከተጓዘው ከኢብን ጁበይር መጽሐፍ ቀድቶበታል።

የሚያናድደኝ እጁ መኖሩ አይደለም፤ መደበቁ ነው። ፈረንሳዊው አንቷን ጋላን ሺህ አንድ ሌሊትን ከዐረብኛ ወደ ፈረንሳይኛ ሲመልስ፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸው አላዲንና አሊ ባባ በያዘው ጥንታዊ ጽሑፍ ውስጥ አልነበሩም። በ1709 ፓሪስ ላይ በአፉ የነገረው ሐና ዲያብ የሚባል፣ ከሶርያዋ ከተማ ከሐለብ የመጣ ወጣት ነው። ጋላን ይህንን በግል ማስታወሻው መዘገበ፤ በታተመው መጽሐፍ ግን የልጁን ስም አላነሣም። ዲያብም በስተርጅናው ያንኑ የፓሪስ ጉዞውን በዐረብኛ ጽፎ ኖሮ፣ ጽሑፉ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ የማን እንደሆነ የታወቀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ተረት ነጋሪው ተጓዥም፣ የጉዞ ጸሐፊም ነበር ማለት ነው፤ አንተና እኔ ግን በልጅነታችን የጋላንን እንኳ ስም ሳንሰማ በፋኖሱ ተደነቅን።

አሁን ወደ አንተው ልምጣ። እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ስለ አንድ የኢትዮጵያ ልዑል የጻፈውን ልብ ወለድ፣ ራስላስን፣ ሦስት ጊዜ እንዳነበብኸው በኩራት ነግረኸኝ ነበር። እንግዲህ ጥርሶቹን ቍጠር። ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ሚስዮናዊ) ጀሮኒሞ ሎቦ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢትዮጵያን አይቶ ጻፈ፤ ጽሑፉን ለ ግራን የተባለ ቄስ በ1728 በፈረንሳይኛ አሳተመው፤ ፈረንሳይኛውን ደግሞ ያው ጆንሰን ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ጆንሰን በጊዜው ወጣት፣ ድኻና ሰነፍ ስለ ነበር አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ ትልቁን መጽሐፍ ከፊቱ ዘርግቶ በቃሉ ይተረጉማል፤ ኤድመንድ ሄክተር የተባለ ጓደኛው አጠገቡ ተቀምጦ ይጽፋል። መጽሐፉ በ1735 ታተመ፤ ጆንሰን ለድካሙ ያገኘውም አምስት ጊኒ (የዱሮ የእንግሊዝ ወርቅ ገንዘብ) ነበር። በመቅድሙ ላይ ሎቦን ተረት አልጨመረም ብሎ የሚያመሰግንበት አነጋገር ደስ ይላል፤ የሎቦ አዞዎች ያደኑትን ሲበሉ አያለቅሱም፣ ፏፏቴዎቹም የጎረቤቱን ሰው ጆሮ አያደነቁሩም ይላል። ከዚያም ይህ ትርጉም ከተባለ ብዙ እንደ ልቡ እንዳደረገበት፣ ተገቢ ቢሆንም ባይሆንም ሳይሸሽግ እንደሚናዘዝ ይጽፋል።

ከሃያ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1759፣ የእናቱን ቀብር ወጪ ለመሸፈን በአንድ ሳምንት ምሽቶች ራስላስን ጻፈ። የልዑሉ ስም በዚያ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ከሚገኘው ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ የመጣ ነው ይባላል፤ ማዕረጉና ስሙ በባዕድ ጆሮ ተጣብቀው አንድ ቃል ሆኑ። ያ የተጣበቀ ስም ነው በሲራክ ወልደ ሥላሴ ኅሩይ ትርጉም ወደ አማርኛ ተመልሶ አንተን ሦስት ጊዜ ያስነበበህ። ሎቦ፣ ለ ግራን፣ ጆንሰን፣ ሄክተር፣ ሲራክ፤ አምስት ሰው አኝኮልሃል፣ አንተም ጣፍጦሃል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የፒኖኪዮን የመጀመሪያ አራት ምዕራፎች ልኬልሃለሁ። በፊተኛው ገጽ ላይ ከእንግሊዝኛ እንደ ተረጎምሁት፣ እንጨቱ አናጢውን «አንተ» እንዲለው ከጣልያንኛው እንዳረምሁ ጽፌአለሁ። ቀበሮው እነዚህ ምዕራፎች ውስጥ ገና አልደረሰም፤ ሲደርስ ግን ለልጅቱ ወንድ ነው ያልሁትን ልተወው ወይስ ጣልያንኛውን ልከተል ቍርጡን አላወቅሁም። እንደ ዱሮህ በእርሳስ እየሰረዝህ አንብበውና ስለ ቀበሮው የሚመስልህን ጻፍልኝ። እኔም ዘንድሮ አልዘገይብህም።

ናፋቂ ወዳጅህ