ስለ ቅዳሜው ስብሰባና ስለ አስቸኳይ ሕክምና ካርዱ

የተከበራችሁ አባላትና አስታማሚ ቤተሰቦች፣

የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በወረዳው አዳራሽ ምድር ወለል የምንሰበሰበው፣ እያንዳንዳችን በኪሳችን የምንይዘውን የአስቸኳይ ሕክምና ካርድ ጽሑፍ መርምረን ለማጽደቅ ነው።

የኅብለ ሰረሰር ጉዳታቸው በስድስተኛው የደረት አከርካሪ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አባላት፣ ፊኛቸው ሲሞላ ወይም ሽንት ለማስወጣት የተገጠመላቸው ቱቦ (ካቴተር) ሲታጠፍ የደም ግፊታቸው በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል፤ ፈጥኖ ካልተደረሰለትም ለስትሮክ ሊዳርግ ይችላል። ስለዚህ ካርዱ ምልክቶቹን፣ ማለትም ከባድ ራስ ምታትንና ከጉዳቱ ቦታ በላይ ባለው የሰውነት ክፍል የሚታይ ላብን ከገለጸ በኋላ፣ ሕመምተኛውን ቀና አድርጎ ማስቀመጥን፣ የጠበቀ ልብስ ማላላትንና የሽንት ቱቦውን መፈተሽን በቅደም ተከተል ያዝዛል። የብዙዎቻችን የዘወትር ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ፣ ለሌላው ሰው እምብዛም የማያሳስበው 130 የላይኛው የደም ግፊት ለእኛ የአደጋ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ረቂቁ ረዝሟል የሚል አስተያየት ቢቀርብም ይህ መስመር በእኔ እምነት መውጣት የለበትም።

የሕንፃ አዋጁን ጠቅሰን ስለ ዊልቸር መወጣጫ የምንጽፈውን ደብዳቤም በአጭሩ እናያለን።

የዘወትር የደም ግፊታችሁን መጠንና የጉዳታችሁን ደረጃ የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ ቅጂ ይዛችሁ እንድትመጡ፣ መገኘታችሁንና የመጓጓዣ እገዛ የምትፈልጉ መሆናችሁን ደግሞ እስከ ሐሙስ ምሽት በዚሁ ቡድን እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አስተባባሪው