የሞተው ባለቤቴ አሁንም እድር ይከፍላል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለቤቴ ካረፈ 2 ዓመት ከ4 ወር ሆኖታል። እድሩን ግን እስካሁን በየወሩ ይከፍላል። ደረሰኙ የሚቆረጠው በስሙ ነው። ባለፈው ወር እንዲያውም ስም ጠሪው አዲስ ልጅ ስለነበር፣ ከስብሰባ ቀርቷል ተብሎ 50 ብር ቅጣት ተጻፈበት። እኔ ከፈልኩለት። ምን ላድርግ!

ነገሩ ሳያስቅ አይቀርም። እኔም እስቃለሁ። ግን በማርች 8 ሰሞን ስለ ሴቶች እኩልነት ያወጣችሁትን ሳነብ፣ የሰፈሬን ነገር ብጽፍላችሁስ አልኩ።

እኔ 62 ዓመቴ ነው። 31 ዓመት በሒሳብ ሠራተኝነት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የባለቤቴ አርባ ካለፈ በኋላ ወርኃዊ መዋጮ ልከፍል ሄድኩ። ጸሐፊው ሰው አክባሪ ነው፤ ከወንበሩ ተነስቶ ነው ያናገረኝ። «እትዬ፣ በማን ስም እናዙረው? ትልቁ ልጅዎ አለ አይደል?» አለኝ። ልጄ ያለው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከሄደ 11 ዓመቱ ነው፤ የመጣው ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ሁለተኛው ለአባቱ ለቅሶ። «በእኔ ስም አድርገው» አልኩት። ደንቡን ከመሳቢያ አወጣ። አባል ማለት አባወራው ነው፤ እሱ ሲሞት ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ልጅ ይተካዋል። ሚስትየው እየከፈለች በእድሩ ትጠቀማለች፤ ድምፅ ግን የላትም። «እንግዲህ ለጊዜው በእሳቸው ስም ይቆይ» ተባባልን። ያ «ለጊዜው» ነው እስካሁን የቆየው።

ለልጄ በስልክ ስነግረው፣ «እማ፣ ድንኳን የመትከል ተራ ሲደርሰኝ በቴሌግራም ልትከል ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ሴቷ ልጄ ግን ከእኔ ሁለት ቤት አልፋ ነው የምትኖረው። የእሷን ስም ያነሳ ሰው የለም። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን እኔም አላነሳሁትም።

ሕጉማ ከተለወጠ ቆየ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 635 የቤተሰቡ ራስ ባል ነበር፤ ሚስት ልትታዘዘው ይገባ ነበር። እኔ ያገባሁት በዚያ ሕግ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ባልና ሚስት ሲጋቡም፣ በትዳር ሳሉም፣ ሲፋቱም እኩል ናቸው አለ። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ ደግሞ «የቤተሰቡ ራስ» የሚባለው ነገር ቀረ። መሥሪያ ቤት ያለን ሴቶች ያን ሰሞን ቡና አፍልተን ተደስተናል። ለዚያ ሕግ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ብዙ ለፍቷል። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በጥቅምት 2011 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዚያው ወር የካቢኔው ግማሽ ሴት ሆነ፤ ወይዘሮ ሳህለወርቅም ርዕሰ ብሔር። በቴሌቪዥን እያየሁ አልቅሻለሁ።

ኮንዶሚኒየምም ላይ 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ዕጣ ይወጣ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ በዚያ ደርሷታል። ቤቱ በእሷ ስም ነው። እድራችን መዝገብ ላይ ግን እሷም ያለችው በባሏ ስም ነው።

ስለ ለቅሶው ልንገራችሁ። ጥሩምባ ሲነፋ ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ አግዳሚ ያወጣሉ። ይህን መናቄ አይደለም፤ በክረምት ጭቃ ድንኳን መትከል ቀላል አይደለም። ግን በሁለት ሰዓት ያልቃል። ከዚያ ተቀምጠው ያስተዛዝናሉ፤ ሲመሽ ካርታ ይጫወታሉ። ተረኛ ሴቶች 12 ሆነን ጓሮ እንገባለን። ሽንኩርት በማዳበሪያ ይመጣል። ንፍሮ ይቀቀላል፣ ምስር ይሠራል፣ ሰሃኑ ይታጠባል፤ ታጥቦ ሳይደርቅ እንደገና ይቀርባል። 3 ቀን ሙሉ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ወገብ የሚባል ነገር አይኖርም። ተረኛ ሴት ከቀረች 50 ብር ትቀጣለች፤ ቅጣቱ የሚጻፈው ደግሞ በባሏ ስም ነው፤ «ባለቤቱ ስላልተገኘች» ተብሎ። እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ይህ ሁሌም ይገርመኛል። ሥራው የእሷ፣ ጥፋቱ የእሷ፣ ስሙ የእሱ።

ወንዶቹን ብቻ እያማሁ እንዳይመስላችሁ። 9 ዓመት የተራ አለቃ ሆኜ ያስቀጣሁት እኔ ነኝ። አንዲት ነርስ ነበረች፣ ገና ያገባች። ከሌሊት ተረኝነት ወጥታ በቀጥታ ወደ ጓሮ ትመጣለች። ሽንኩርት እየከተፈች ስታንቀላፋ አይቼ «የዛሬ ልጆች!» ብዬ አምቻታለሁ። አንድ ቀን ጭራሽ ቀረች። ስሟን አስመዘገብኩ፤ ማለቴ የባሏን ስም። ባልየውም በዚያው ቀን ከድንኳን ተከላ ቀርቶ ነበር። «ሥራ ላይ ነው» ተብሎ ታለፈ። እሷስ የት ነበረች? ያኔ አልታየኝም።

ካቻምና ጠቅላላ ጉባኤ ላይ 540 ብር ጎደለ ተባለ። ገንዘብ ያዡ ምስኪን ሰው ነው፤ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። እኔ ሻይ ላቀርብ ገብቼ ነበር። ትሪውን እንደያዝኩ፣ «540 ለ9 ሲካፈል ትርፍ የለውም፤ ቁጥር ተገላብጦ ይሆናል፣ ወጪውን እዩት» አልኩ። የሒሳብ ሰዎች ያውቁታል፤ ሁለት አኃዝ ቦታ ሲቀያየሩ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ አዛውንት «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» አሉና ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ የእነሱ ሳቅ አይደለም፤ የእኔው ነው።

በሳምንቱ ገንዘብ ያዡ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ቤቴ መጣ። ለሰሃንና ለብርጭቆ የወጣው 4,710 ብር 4,170 ተብሎ ተጽፎ አገኘነው። 20 ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ወዲህ ደብተሩ በየ3 ወሩ በፌስታል ይመጣል። እኔ አስተካክላለሁ፤ እሱ ይፈርማል።

ባለቤቴ መልካም ሰው ነበር። ቤት ውስጥ «ከእኔ ይልቅ አንቺ ብትገቢ እኮ ይሻላል» ይለኝ ነበር። ጉባኤ ላይ ግን አንድ ቀን እንኳ አላነሳውም።

ሁሉም እድር እንዲህ ነው አልልም። ባልና ሚስት ሁለቱም የሚመዘገቡበት፣ ሴት የምትመራውም አለ። የእኛዎቹ ግን ደንቡ ይሻሻል ስል ምክንያት አያጡም። አንዱ የኮሚቴ አባል «ብዙዎቹ ሴቶች ማንበብ አይችሉም» አለኝ። ውሸት አይደለም። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ ነበሩ፤ ወንዶቹ 69። ታዲያ ቀሪዎቹ 31 ወንዶችስ? በእኛው እድር በጣት አሻራ የሚፈርሙ 4 አባወራዎች አሉ። ድምፅ የከለከላቸው የለም፤ መከልከልም የለባቸውም። «ጉባኤ ተቀምጠን የእሁዱን ምሳ ማን ሊሠራልን ነው?» ያሉኝ ግን ሴቶቹ ናቸው። ለእነሱ መልስ አላገኘሁም።

የእድሩ መዝገብ 4 ገጽ ብቻ ቀርቶታል። ከመስከረም ጀምሮ አዲስ ይከፈታል። ደብተሩን እኔ እገዛለሁ፣ አምዱንም በማስመሪያ አስምሬ አመጣለሁ ብዬ ለጸሐፊው ነገርኩት። ደስ አለው። «አባወራ» የሚለውን አምድ ትቼ «አባላት» ብዬ እንደምጽፍ፣ ለአንድ ቤትም ሁለት መስመር እንደምተው ስጨምርለት ግን ራሱን አከከ።

«ኮሚቴው እምቢ ካለስ፣ እትዬ?» አለኝ።

«እንግዲያውስ የመስከረምን መዋጮ አባወራው ራሱ መጥቶ ይክፈል» አልኩት።

አክባሪያችሁ፣
ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከጉለሌ
(ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይቆይልኝ)