ሳንዱቻችን ውስጥ ምን እንዳለ በግልጽ እንንገራችሁ (ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ)

ሰላም ውድ ደንበኞቻችን፣ እንዴት ናችሁልን? እዚሁ ታምፓ ያላችሁም ከኦርላንዶ ድረስ እየነዳችሁ የምትመጡልንም፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛውን የምትሞሉልን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ይሄን ደብዳቤ የጻፍነው ሰልፍ እያለ ካውንተር ላይ ቆመን በደንብ የማናስረዳው ነገር ስላለ ነው። አበሻ ደንበኛ የኩባ ሳንዱች ቤታችን ገብቶ ሜኑውን እንዳየ መጀመሪያ የሚጠይቀን "አሳማ የሌለበት ምን አላችሁ?" ብሎ ነው፣ እኛም ዶሮውን ወይ የበሬ ስቴኩን እናሳየዋለን፣ ግን ነገሩ እዛ ላይ አያልቅም ምክንያቱም የኩባ ምግብ ላይ አሳማው ያለው ስጋው ውስጥ ብቻ አይደለም፣ ዳቦው ውስጥም አለ። ለጠየቀን ሁሉ ስንናገር ነው የቆየነው፣ ያልጠየቀም ግን ማወቅ አለበት ብለን ስለምናምን ነው ዛሬ ቁጭ ብለን የጻፍነው።

የኩባ ዳቦ ማለት ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾ፣ ጨው፣ ትንሽ ስኳርና የአሳማ ሞራ ነው። ሞራው ነው ውስጡን እንደዛ ለስላሳ የሚያደርገው፣ ላዩ ደግሞ ስስ ሆኖ ሲነኩት ይሰበራል። ርዝመቱ ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል፣ ምድጃ ከመግባቱ በፊት ላዩ ላይ የፓልሜቶ (እንደ ዘንባባ ያለ ተክል) ቅጠል ይጋደምበትና ሲነፋ በቅጠሉ መስመር ይሰነጠቃል። አንዳንዴ ቅጠሉ ከዳቦው ጋር ይመጣል፣ ቆሻሻ መስሏችሁ እንዳትደነግጡ፣ አንስታችሁ ጣሉትና ብሉ። እዚህ ታምፓ፣ ኢቦር ሲቲ ሰፈር፣ ላ ሴጉንዳ የሚባለው ትልቁ ዳቦ ቤት በፈረንጆቹ ከ1915 ጀምሮ የኩባ ዳቦ ሲጋግር የኖረ ነው፣ የታምፓ ሰው ዳቦ ሲባል በሀሳቡ የሚመጣለት እሱ ነው። ስለዚህ የዶሮ ሳንዱች አዞ "አሳማ አልነካሁም" ብሎ የሚሄድ ሰው፣ ዳቦው ልማዳዊው የኩባ ዳቦ ከሆነ ነክቷል ማለት ነው። ይሄ ለኦርቶዶክሱም ለሙስሊሙም ለጴንጤውም አንድ አይደለም፣ ግድ የማይሰጠው ሰው አለ፣ በጣም ግድ የሚሰጠው አለ፣ እኛ የማንንም ህሊና አንመዝንም፣ የኛ ስራ እውነቱን መናገር ነው።

አሁን ያደረግነው ይሄን ነው። ከዚህ ወር ጀምሮ ሞራ የሌለው፣ በአትክልት ዘይት ብቻ የተጋገረ፣ ወተትም እንቁላልም ቅቤም ያልገባበት ዳቦ ለብቻው እናስመጣለን። የሚቀመጠው በሌላ መደርደሪያ ነው፣ የሚቆረጠውም በሌላ ቢላ ነው። ዋናው ደግሞ ፕላንቻው ነው፣ ማለትም ሳንዱቹን ከላይና ከታች ተጭኖ የሚያሞቀው ብረት፣ ቀኑን ሙሉ የአሳማ ስጋ የሚያርፍበት ስለሆነ ንጹህ ዳቦ አምጥቶ እዛው ላይ መጫን ትርጉም የለውም፣ ስለዚህ ሁለተኛ ፕላንቻ ገዝተናል፣ እሱ ላይ አሳማ አይወጣም። ስታዙ "ያለ ሞራ" በሉን ይበቃል፣ ሰራተኞቻችን ሁሉም ያውቃሉ፣ አማርኛ የማይችሉትም ቢሆኑ ይቺን ቃል ለምደዋታል።

ስለ ጥብሳ ጥብሱም እንናገር። ክሮኬታው (ተድቦልቡሎ የሚጠበሰው) ውስጥ ሃም፣ ማለትም የአሳማ ስጋ አለ፣ ዴቭል ክራቡ (እሱም ተድቦልቡሎ የሚጠበስ ነው) ደግሞ ሸርጣን ነው፣ ሁለቱም የሚጠበሱት በአንድ ዘይት ነው፣ ፕላንቴኑም (ለምግብ የሚበስለው ሙዝ) እዛው ነበር የሚጠበሰው። አሁን ፕላንቴኑንና ካሳቫውን የምንጠብስበት ድስት ለብቻው ሆኗል። ጥቁር ባቄላውንም ብዙ የኩባ ቤት በሃም አጥንት ነው የሚቀቅለው፣ ጣዕም ይሰጠዋል፣ ሌላ ቦታ ስትበሉ ይሄን መጠየቅ አትርሱ፤ የኛ ግን በሽንኩርት፣ በቃሪያ፣ በነጭ ሽንኩርትና በከሙን ብቻ ነው የሚሰራው።

አንዳንዶቻችሁ "ለምን ኩባኖውን (ዋናውን የኩባ ሳንዱች) እራሱን ያለ አሳማ አትሰሩትም፣ የተርኪ ዶሮ ሃም አድርጉበት" ትሉናላችሁ። ሀሳባችሁ ከፍቅር እንደሆነ እናውቃለን፣ ግን ይሄን አናደርግም፣ ምክንያቱን ደግሞ ልንነግራችሁ ይገባል። ይሄ ሳንዱች የዚህ ከተማ ታሪክ ነው። ቪሴንቴ ማርቲኔዝ ኢቦር የሚባለው ሰውዬ የሲጋር (በትንባሆ ቅጠል የሚጠቀለለው ወፍራሙ) ፋብሪካውን ከኪ ዌስት ወደ ታምፓ ያመጣው በ1880ዎቹ አጋማሽ ነው፣ ሰፈሩም በስሙ ኢቦር ሲቲ ተባለ። ፋብሪካው ውስጥ ኩባውያን፣ ስፔኖች፣ ከሲሲሊ የመጡ ጣሊያኖች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲጋር ይጠቀልሉ ነበር፣ እጃቸው ሲሰራ ጆሯቸው እንዳይቦዝን ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣና ልብወለድ የሚያነብላቸው አንባቢ ነበራቸው፣ ደሞዙንም ከኪሳቸው እያዋጡ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። በኩባ ነጻነት ትግል ጊዜ የትግሉ መሪ ሆሴ ማርቲ እዚህ ድረስ መጥቶ ንግግር ያደረገው ለነዚሁ ሰራተኞች ነው። እነዚህ ሰዎች ምሳቸው ይሄ ሳንዱች ነበር፦ ሃም፣ በሞሆ (የነጭ ሽንኩርትና የኮምጣጣ ብርቱካን ማጣፈጫ) ተዘፍዝፎ የተጠበሰ የአሳማ ስጋ፣ ስዊስ ቺዝ፣ ፒክል፣ ቢጫ ማስታርድ፣ እና የታምፓው ላይ ሳላሚ። ሳላሚው ከጣሊያኖቹ ጎረቤቶች የመጣ ነው ይባላል። ማያሚ ውስጥ ሳላሚ አይገባበትም፣ ማያሚዎች "ይሄ ኩባኖ አይደለም" ይላሉ፣ ታምፓዎች "እኛ ነን የጀመርነው" ይላሉ፣ ክርክሩ ዛሬም አላበቃም፣ በ2012 የታምፓ ከተማ ምክር ቤት የታምፓውን ኩባን ሳንዱች የከተማዋ መለያ ሳንዱች ብሎ ወስኗል። እንግዲህ እኛ ከሌላ አገር መጥተን በዚህ ከተማ እንጀራችንን የምንበላ ሰዎች ይሄንን ቀይረን "ኩባኖ ነው" ብለን ብንሸጥ ለሰፈሩ ሰው ክብር አይሆንም። በተርኪ ሃም የተሰራውም እናንተን አያስደስታችሁም፣ ቀምሰነዋል፣ ደረቅ ነው። ከዛ ይልቅ በራሱ የሚያኮራ ሌላ ነገር ብንሰራላችሁ ይሻላል ብለን ነው ዶሮው ላይ የደከምነው፦ በኮምጣጣ ብርቱካን፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በኦሬጋኖና በከሙን አድሮ የተጠበሰ፣ ከላይ ቀይ ሽንኩርት ያለው። አረንጓዴ ቃሪያ ጠይቁን፣ እንጨምርላችኋለን፣ ይሄ የኩባ ልማድ አይደለም፣ የናንተ ነው።

ለሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ ዶሮውና የበሬ ስጋው ከሐላል ስጋ ቤት ነው የሚመጣው፣ ፕላንቻውና ዳቦው እላይ እንዳልነው የተለየ ነው፣ ነገር ግን ኪችኑ አንድ ነው፣ እዛው ክፍል ውስጥ አሳማ ይሰራል፣ ሰርተፊኬትም የለንም። ይሄን አውቃችሁ ወስኑ፣ መጥታችሁ ኪችኑን በአይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁም በሩ ክፍት ነው፣ ብቻ በምሳ ሰዓት አይሁን።

ለጾመኞች ደግሞ፣ ረቡዕና አርብ ሁልጊዜ፣ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ 55ቱንም ቀን፣ የጾም ሳንዱች አለን፦ ያለ ሞራ ዳቦ፣ ጥቁር ባቄላ ተፈጭቶ፣ አቮካዶ፣ የበሰለ ፕላንቴን፣ ፒክልና ማስታርድ፣ ከዛ ይጫናል። ሳንዱች የማትፈልጉ ሩዝ በጥቁር ባቄላ ከካሳቫ ጋር ውሰዱ፣ ካሳቫውን ወላይታና ጋሞ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፣ እዚህ ግን ተቀቅሎ ትኩስ የነጭ ሽንኩርትና የብርቱካን ሞሆ ይፈስበታል፣ ዘይት እንጂ ቅቤ የለበትም። ሜዲያኖቼ የሚባለው በጣፋጭ ዳቦ የሚሰራው ሳንዱች ግን ዳቦው እንቁላል ስላለበት ለጾም አይሆንም፣ ውስጡም ያው አሳማ ነው።

ስለ ሩዝና ባቄላው አንድ ነገር ብንል ደስ ይለናል። ከኛ አንዱ ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ ወደ ኩባ ከተላኩት ልጆች መሀል ነው፣ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ የሚባለው የኩባ ደሴት ላይ ነው ተምሮ ያደገው። እንደሱ ኩባ ያደጋችሁ ደንበኞች ስትመጡ ሳንዱቹን ሳይሆን ሩዝና ባቄላውን ነው የምታዙት፣ ከሱ ጋር በስፓኒሽ ስታወሩ ጎን ያለው ኩባዊ ሽማግሌ ዞር ብሎ "እናንተ ደግሞ ከየት ናችሁ?" ይላል፣ ከዛ ወሬው አያልቅም። እናንተ ስትመጡ ቤቱ ቤት ይሆናል፣ ኑልን።

ቡናውስ? ኮላዳ ስታዙ አንድ ኩባያ ቡና ከብዙ ትናንሽ ፕላስቲክ ሲኒ ጋር ይመጣል፣ ለብቻ የሚጠጣ አይደለም፣ ልክ እንደ ጀበና ቡና ተቀድቶ ለጠረጴዛው ሁሉ ይታደላል። ላዩ ላይ ያለው አረፋ ወተት አይደለም፣ የመጀመሪያው የቡና ጠብታ ከስኳር ጋር ተመትቶ ነው፣ ስለዚህ ለጾም ይሆናል። ኮርታዲቶና ካፌ ኮን ሌቼ ግን ወተት አላቸው። ያለ ስኳር የምትጠጡ አስቀድማችሁ ንገሩን፣ አንዴ ከተመታ በኋላ ማውጣት አይቻልም።

ሳንዱቹን እዚሁ ቁጭ ብላችሁ በትኩሱ ብትበሉት ነው የምንመርጠው፣ ዳቦው ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ለመውሰድ ከሆነ በወረቀት እንጠቀልለዋለን፣ ቤት ስትደርሱ ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቡት፣ መጥበሻ ላይ አድርጋችሁ ከላይ ከበድ ያለ ድስት ጫኑበት። ያለ ሞራ የሚታዘዘው ትንሽ ይቆያል ምክንያቱም ሁለተኛው ፕላንቻ ትንሽ ነው፣ አንዴ ላይ ብዙ አይዝም፣ ታገሱን።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቡድን የምትመጡ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ደውላችሁ ስንት ሰው እንደሆናችሁና ስንቱ ያለ ሞራ እንደሚበላ ንገሩን፣ ያለ ሞራውን ዳቦ የምናስመጣው በልክ ስለሆነ ካለቀ አለቀ፣ በሌላው ዳቦ ተክተን አንሰጣችሁም።

ከአክብሮት ጋር
የሳንዱች ቤቱ ባለቤቶችና ሰራተኞች፣ ታምፓ